የቅርፊት ጥንዚዛ ምንድን ነው? የሃርዝ ተራሮች ደንስ ለምን ደረቀ?

የቅርፊት ጥንዚዛ በዛፍ ቅርፊት ሥር የሚራባ ትንሽ ቡናማ ጥንዚዛ ነው። ከብዙ ዝርያዎቹ መካከል በአውሮፓ ይበልጥ የሚፈራው ስፕሩስ የተባለውን መርፌ ቅጠል ዛፍ የሚያጠቃው ሲሆን፣ ርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወንዱ ቅርፊቱን ሰርስሮ ከገባ በኋላ ሴቶቹንም ሌሎች ወንዶችንም የሚስብ ጠረን ይለቃል፤ ሴቶቹ ቦይ ቆፍረው እንቁላል ይጥላሉ፤ የሚፈለፈሉት እጮችም ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደውን ስስ ሽፋን እየበሉ ያድጋሉ። ይህ ሽፋን ዙሪያውን ከተበላ ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል።

ጤነኛ ስፕሩስ ግን መከላከያ አለው፦ የሚሰረስረውን ጥንዚዛ በሙጫ ያጥለቀልቀዋል። ውሃ ሲያጥረው ሙጫው ይቀንሳል።

በጀርመን የሚገኙት የሃርዝ ተራሮች ዝቅተኛ ናቸው፤ ከፍተኛው ጫፍ ብሮክን 1,141 ሜትር ብቻ ነው። በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ዐውሎ ነፋስ ብዙ ዛፍ ጣለ፤ የወደቀው ግንድ ለጥንዚዛው ምቹ መራቢያ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የጀመረው ድርቅም እስከ 2020 ዘለቀ። ሞቃት በጋ ጥንዚዛው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲራባ ስለሚያስችለው ተራራው በደረቁ ግንዶች ተሸፈነ።

ጥፋቱን ሁሉ በጥንዚዛው ላይ መጫን ግን ትክክል አይመስለኝም። ስፕሩስ በሃርዝ በተፈጥሮው የሚበቅለው በቀዝቃዛውና እርጥበት ባለው ከፍተኛ ክፍል ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው ቦታ በአብዛኛው ቢች የተባለው ሰፊ ቅጠል ዛፍ የሚበቅልበት ነበር። ለዘመናት የቆየው የብርና የእርሳስ ማዕድን ሥራ ለማቅለጫ ከሰልና ለጉድጓድ ድጋፍ ደኑን ሲጨርሰው፣ ቶሎ የሚያድገው ስፕሩስ በረድፍ ተተከለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በተመነጠረው ሰፊ ቦታ ላይ የተተካው እርሱ ነው። ሥሩ ጥልቀት የሌለው ዛፍ ያለቦታው፣ በአንድ ዕድሜና ለብቻው ሲቆም ድርቅም ነፋስም ጥንዚዛም በቀላሉ ያገኘዋል።

በ2006 ሁለት ፓርኮች ተዋህደው የተመሠረተው የሃርዝ ብሔራዊ ፓርክ በአብዛኛው ክልሉ የሞቱትን ዛፎች አያነሣም፤ የጎረቤት ደኖችን ለመጠበቅ ግን በጠርዙ ላይ የተጠቁትን ይቆርጣል። ይህ አሠራር ጎብኚውን ቢያስከፋም ምክንያት አለው፤ ጥንዚዛው የሚራባው በእርጥብ ቅርፊት ሥር በመሆኑ ከደረቀው ግንድ አስቀድሞ ወጥቷል፤ በወደቁት ግንዶች መካከልም በርችን የመሰሉ ዛፎች ማንም ሳይተክላቸው እየበቀሉ ነው።