ኮረንቲ የያዘውን ሰው አትቅበሩት

የምጽፈው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። በማሽን ውስጥ ስላለውም፣ በሰውነታችን ውስጥ ስላለውም። ድሬ ላይ የሳይንስ ጋዜጠኛ ነኝ ስል ወዲያው የሚከተለው «አቦ፣ እንግዲያው ቆጣሪያችንን እይልን!» ነው። ቆጣሪ አልጠግንም።

«ልብ ስመረመር ኮረንቲ ይለቁብኛል» የምትሉ፣ የልብ መመርመሪያው መሣሪያ፣ ኢሲጂ፣ ምንም አይለቅም። ልባችሁ ራሷ የምታመነጨውን ነው የሚያነበው። ሆላንዳዊው ሐኪም አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1924 ኖቤል የተሸለመው በዚሁ ነው። በሰውነቱ ኮረንቲ የሚያመነጭ ዓሣም የሚገኘው አማዞን ወንዝ ብቻ አይደለም፤ እስከ 350 ቮልት የሚያመነጭ አምባዛ አባይ ውስጥም አለ።

«ኮረንቲ ይስባል» ደግሞ አለ። አይስብም። ሽቦውን ጨብጦ የሚያስቀራችሁ የገዛ ጡንቻችሁ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጋልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1791 ባሳተመው ሥራው የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲፈራገጥ አሳይቷል፤ የእናንተም ክንድ ከዚያ አይለይም። ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ የሚሠራው በ70 ሚሊቮልት (የቮልት ሺኛ) ገደማ ነው። ሶኬቱ 220 ቮልት ነው፣ ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ። ጣት ተጨማድዶ ቢቀር ምን ይገርማል?

እኔን የሚያንጨረጭረኝ ግን «ኮረንቲው ሰውነቱ ውስጥ ቀርቷል፣ ቅበሩትና አፈሩ ይምጠጥለት» የሚባለው ነው። አምና እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴን እንጀራ ስትጋግር ኮረንቲ ያዛት። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ መሬት ላይ ወድቃለች፣ ሁለት ጎረምሶች ጓሮውን በአካፋ ይቆፍራሉ፣ አንዱ ደግሞ «አትንካት፣ ይይዝሃል!» ይለኛል። ምጣዱ አሁንም ሶኬት ላይ ነው! የነቀለው ሰው የለም። ቆጣሪው ላይ አጠፋሁና እጇን ያዝኩ። ምንም የለም።

ሰው ባትሪ አይደለም፣ ኮረንቲ አያጠራቅምም። የነካው ሰው የሚያዘው ተጎጂው ከሽቦው እስኪላቀቅ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ ጫማ አድርጋችሁ በደረቅ እንጨት አላቁት፤ ይሄ ለቤት መስመር ነው እንጂ የባቡሩ ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው፣ እንጨት ይዛችሁም እንዳትጠጉ። ከዚያ ትንፋሹን እዩ። ካልተነፈሰ አምቡላንስ ይጠራ፣ እናንተ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አጥብቃችሁ ተጫኑ። የልቡ ምት ተዛብቶ ይሆናል፣ እናንተ ጉድጓድ ትለካላችሁ! አፈር የተጫነው ደረት እንዴት ይተነፍሳል? ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፣ ቃጠሎው ከውስጥ ሊሆን ይችላል።

ጎረቤቴ ደህና ናት። ጉድጓዱ ላይ ፓፓያ ተክላበታለች።