«የሥራ ቀን ደባል» ምንድን ነው? ተከራይ እንዳልሆነስ ስንቴ እንናገር?

«አንዱን ክፍሌን ለደባል አከራየሁት።» ይህን አባባል በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ሁለቱን ዝም ብዬ አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ግን አልቻልኩም። ተናጋሪው የቤት ወጪ እንዴት እንደሚቀነስ ሌላውን የሚመክር ሰው ነው። ቀጠል አድርጎም «ደባል ያው ተከራይ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ስለማይኖር ብቻ የክፍሉን ኪራይ ለሰባት ታካፍልና በአምስት ታባዛለህ፤ የሚመጣው ገንዘብ ደግሞ ንጹህ ትርፍ ነው» አለ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ስህተት!

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። የሰዎችን የቤት ገቢና ወጪ ሳገላብጥ ነው የምውለው። እንዲህ ያለውን ምክር ሰምተው የገቡበትን ጣጣ ከዓመት በኋላ ወረቀት አሸክመው የሚያመጡት ለኔ ነው። ስለዚህ ትንሽ ብበሳጭ አትፍረዱብኝ።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። መሥሪያ ቤቱ ከቤቱ ሩቅ ነው። ሰኞ ማታ በትንሽ ሻንጣ ይመጣል፣ ዓርብ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። በመሃል ያሉትን ሌሊቶች እናንተ ቤት ያድራል። ይኸው ነው። ግራ የሚያጋባው «ደባል» የሚለው ቃል ነው።

ደባል በሌላ ሰው ኑሮ ላይ የተደረበ ሰው ነው። («ደባል ሱስ» የሚለው አባባል የቃሉን ስም አጥፍቶበታል፣ እዚያም ግን ትርጉሙ ያው ነው፦ በዋናው ላይ የተደረበ።) ተከራይ በማንም ላይ አልተደረበም። ቁልፍ ተረክቦ በሩን ከዘጋ በኋላ ቤቱ ለጊዜው የእሱ ነው። ባለቤቱ ራሱ አንኳኩቶ ነው የሚገባው።

መኪና ማከራየትና ሰው ማሳፈር አንድ ናቸው? አይደሉም። መኪናችሁን ስታከራዩ መሪውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። የት እንደሚነዳት፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አታዩም። ሰው ስታሳፍሩ ግን መሪው እጃችሁ ላይ ነው። እናንተ ለራሳችሁ ጉዳይ ወደዚያ እየሄዳችሁ ነው፣ እሱም መንገዱ ስለሆነ ተሳፍሮ ነዳጅ ያግዛችኋል። ደባል የተሳፈረ ሰው ነው። በሩን ከፍቶ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያወራል፣ አንዳንዴም ሬዲዮውን መቀየር ያምረዋል። ከመኪናው ግን አልወረዳችሁም። የምታከራዩት መኪና ውስጥ የራሳችሁን ጃኬት ረስታችሁ አትተዉም፤ ሰው ስታሳፍሩ ግን ጃኬታችሁም፣ ልጃችሁም፣ የልጃችሁ ብስኩት ፍርፋሪም እዚያው ነው።

ይህን ስል ያ መካሪ የሚለውን አውቃለሁ፦ «እሺ፣ ውሉ ላይ ‘ደባል’ ብዬ ከጻፍኩ አበቃ አይደል?» አላበቃም! ይህ ጥያቄ እንግሊዝ አገር በ1985 እ.ኤ.አ. እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሷል፤ ያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እሱ ነበር። ባለቤቱ ወረቀቱ ላይ «ይህ ኪራይ አይደለም፣ የመኖር ፈቃድ ብቻ ነው» ብሎ አስፈርሞ ነበር። ሰዎቹ ግን ክፍሎቹን ለብቻቸው ይዘው፣ በየሳምንቱ እየከፈሉ ይኖሩ ነበር። ዳኛው ሎርድ ቴምፕልማን የሰጡትን ምሳሌ እኔ እስካሁን እጠቅሰዋለሁ። ባለ አምስት ጣት መቆፈሪያ የሠራ ሰው፣ አካፋ ነው የሠራሁት ብሎ ቢከራከርም የሠራው መንሽ ነው። ኪራይ ነው ተብሎ ተፈረደ። በዚያው ፍርድ ደባልንም ለይተው አስቀምጠዋል። ባለቤቱ አገልግሎት የሚሰጥና ለዚያም ሲል ክፍሉ ውስጥ እንደልቡ መግባት የሚችል ከሆነ፣ አዳሪው ደባል ነው። ወረቀቱ ላይ ምንም ይጻፍ፣ የሚታየው አኗኗሩ ነው።

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፣ እኔም የሕግ ሰው አይደለሁም። መስመሩ የሚሰመረው ግን ብዙ ቦታ ተመሳሳይ ላይ ነው፦ ባለቤቱ አብሮ ይኖራል ወይስ አይኖርም? በእንግሊዝ ሕግ ደባሉ ከባለቤቱ ጋር የመኖሪያ ቦታ መጋራት አለበት፣ ቤቱም የባለቤቱ ብቸኛ ወይም ዋና መኖሪያ መሆን አለበት። ያን ጊዜ ባለቤቱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በተገቢ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ደስ የሚለው ዝርዝር ደግሞ ይህ ነው፦ ደረጃና ኮሪደር መጋራት አይቆጠርም። ኩሽና ወይም መታጠቢያ ቤት ግን ይቆጠራል። ጀርመን አገርም ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ያለ፣ በአብዛኛው በባለቤቱ ዕቃ የተሞላና ለቤተሰብ ቋሚ መኖሪያነት ያልተሰጠ ክፍል ሲሆን፣ እስከ ወሩ 15ኛ ቀን የተነገረ ማስጠንቀቂያ በወሩ መጨረሻ ያስለቅቃል። ለመደበኛ ተከራይ እንዲህ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ የሥራ ቀን ደባል የሚያመጣው አንድ ጠማማ ነገር አለ። አንዳንዱ ባለቤት እንግዳው ሰኞ ሲመጣ እሱ ራሱ ሻንጣውን ይዞ እህቱ ቤት ይሄዳል፤ ዓርብ ይመለሳል። እንግዲህ መኪናውን ማን እየነዳ ነው? ተሳፋሪው ሳምንቱን ሙሉ መሪው ላይ ተቀምጦ እናንተ ደግሞ የእግር መንገድ ላይ ናችሁ። ይህን ደባል ማለት ያው አካፋ ነው ብሎ መንሽ መሸጥ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እሱ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው።

«ለሰባት አካፍለህ በአምስት አባዛ።» መጀመሪያ፣ አምስት ሌሊት ማን አለ? ሰኞ ማታ መጥቶ ዓርብ ጠዋት ከወጣ ያደረው አራት ሌሊት ነው። አራትን በ52 ሳምንት አባዙ፣ 208 ነው። አምስት ሳምንት ለእረፍትና ለበዓል ቀንሱ፣ 188 ይቀራል። ከ365 ሌሊት ከግማሽ በጥቂቱ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በሌሊት ቁጥር እናስላ ካላችሁ 71 በመቶ ሳይሆን 52 በመቶ አካባቢ ነው የምታገኙት። መካሪው በራሱ ዘዴ እንኳ ተሸንፏል።

ግን በሌሊት መቁጠሩ ራሱ ልክ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ከፍታችሁ እዩት። ጫማው አልጋው ሥር ነው። ካፖርቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ትራሱ ላይ የተዘጋ መጽሐፍ አለ። ይህን ክፍል ቅዳሜና እሁድ ለሌላ ሰው መስጠት ትችላላችሁ? አትችሉም። ዓርብ የወረደ ተሳፋሪ ሻንጣውን ወንበሩ ላይ ትቶ ነው የሄደው፤ ሰኞም ቦታውን ይፈልገዋል። እሱ የሚከፍለው ቦታው ተይዞ ስለሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ክፍያውን ሁለት ቦታ ክፈሉት እላለሁ፦ ቦታውን ለመያዝ በወር የማይለዋወጥ፣ ላደረበት ሌሊት ደግሞ በሌሊቱ ልክ ትንሽ ጭማሪ። ቅዳሜና እሁድ ክፍሉን ለልጆች ጥናት ወይም ለእንግዳ መጠቀም ከፈለጋችሁ ያ ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ ተነግሮ፣ ለዕቃው አንድ ቁምሳጥን ተሰጥቶ፣ ዋጋውም ወረድ ብሎ ነው። ዋጋ የሚቀነሰው እሱ ስለሌለ ሳይሆን እናንተ ቦታውን ስለምትወስዱበት ነው።

ሦስተኛው ስህተት «ንጹህ ትርፍ» ነው። ወዳጄ፣ የመጣ ገንዘብ ሁሉ ትርፍ ቢሆን እኔ ሥራ አጥ ነበርኩ። የቤታችሁ ወጪ በወር 100 ነው እንበል። ከዚያ 80ው ሰው ቢጨመርም ባይጨመርም አይነቃነቅም። የቤቱ ብድር ወይም ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ ኢንተርኔት እዚያ ውስጥ ናቸው። ቀሪው 20 በሰው ቁጥር የሚጨምር ነው፣ ለምሳሌ ውኃ፣ መብራት፣ ሳሙና። ሁለት ሰው ብትሆኑ በነፍስ ወከፍ 10 ነው። ደባሉ የሚያድረው ግማሹን ያህል ነው፤ እንግዲህ የሚጨምርባችሁ 5 አካባቢ ነው። ይህ 5 ወለሉ ነው። ከዚያ በታች ከከፈለ እናንተ እየደጎማችሁት ነው። ጣሪያው ደግሞ ተመሳሳይ ክፍል ሌላ ቦታ የሚያስወጣው ነው። ስምምነቱ በሁለቱ መሃል ያርፋል፣ ከ5 በላይ የመጣው ብቻ ነው 80ውን የሚያግዛችሁ።

100ን ለሦስት አካፍለው «ድርሻህ 33 ነው» የሚሉም አሉ። ይህ አብረው ቤት ለተከራዩ ጓደኛሞች ነው የሚሠራው። ደባል የናንተን ብድር የመጋራት ግዴታ የለበትም፤ ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅም ቤቱ ላይ ስሙ አይጻፍም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ገንዘብ ደግሞ ተበልቷል። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ የበሩ ቁልፍ ቅጂ። እነዚህን ከትርፍ ሳትቀንሱ «ሦስት ወር ሠራልኝ» አትበሉ። ደግሞም የሥራ ቀን ደባል የሥራ ውሉ ሲያበቃ ይሄዳል፣ አንዳንዴም በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ። የብድር ክፍያችሁን በእሱ ገንዘብ ላይ አታንጠልጥሉ። ነዳጅ ያገዛችሁ ተሳፋሪ ስላለ ብላችሁ ትልቅ መኪና አትገዙም።

ግብሩንም ሳልጠቅሰው አላልፍም፣ ማንም ባይጠይቀኝም። አንዳንድ አገሮች ይህን ዓይነቱን ገቢ በልዩ ሁኔታ ያዩታል። ብሪታንያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራስ መኖሪያ ውስጥ ካለ ክፍል የሚገኝን እስከ 7,500 ፓውንድ የዓመት ገቢ ከግብር ነጻ አድርጋለች። የአየርላንድ ገደብ 14,000 ዩሮ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ገደቡ የሚለካው በትርፍ ይመስላቸዋል፤ የሚለካው በገቢው ነው፣ ለምግብና ለልብስ አጠባ የሚከፈላችሁም ይደመራል። ከገደቡ ማለፍም በሁለቱ አገሮች አንድ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ካለፈው ላይ ብቻ መክፈልን መምረጥ ይቻላል። አየርላንድ ውስጥ በአንድ ዩሮ ብታልፉ ሙሉው ገቢ ግብር ውስጥ ይገባል። እንግዲህ በታኅሣሥ ወር ደባሉ «ይህን ጭማሪ ለልጆቹ» ብሎ ሲሰጣችሁ አስቡት። የናንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል ክፍሉን ከማሳየታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የተቀበላችሁትንም በቀን በቀኑ በአንድ ደብተር ጻፉ፣ ደባሉም ይፈርምበት።

የቤት ኢንሹራንሱንና አበዳሪ ባንኩንም አሳውቁ፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ዋናውን አከራይ አስፈቅዱ። እዚህም መኪናዋ ትመለሳለች፦ ለቤተሰብ ተብሎ የተገባ ኢንሹራንስ፣ እያስከፈላችሁ ሰው ስታሳፍሩ አደጋ ቢደርስ «ይህን መቼ ነገራችሁን?» ሊላችሁ ይችላል። መንገር ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ ነው፤ ምናልባት ትንሽ ጭማሪ ይኖረዋል።

ምሳሌዬ የሚሰበርበትም ቦታ አለ፣ እሱን ልመን። ተሳፋሪ መኪና ውስጥ አያድርም። ደባል ግን ሌሊት ያስላል፣ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን ይይዛል፣ ስልክ ላይ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ግድግዳው ያሰማችኋል። በአጭሩ ወረቀት ላይ የሚሰፍሩት ነገሮች ከዋጋው ይልቅ እነዚህ ናቸው፦ ጠዋት ማን ቀድሞ ይታጠባል፣ ፍሪጁ ውስጥ የቱ መደርደሪያ የእሱ ነው፣ ሰው ይዞ መምጣት ይችላል ወይ፣ ልብስ በስንት ቀኑ ያጥባል። እና አንዲት ጥያቄ አትርሱ፣ ሁሉም የሚረሷት እሷን ነው፦ ዓርብ ማታ ባቡር ቀርቶበት «ዛሬን ልደር?» ቢል ያቺ ሌሊት በነጻ ናት ወይስ በሒሳብ? እኔ የመጀመሪያዋን በነጻ፣ ሁለተኛዋን በሌሊቱ ዋጋ አስጽፋለሁ።