ከቴሌቪዥን የፖሊስ ድራማ የሚወለዱ ልቦለዶች

በቴሌቪዥን የታወቀ የፖሊስ ድራማን መርማሪዎች በስማቸውና በጠባያቸው ይዞ፣ በድራማው ባለመብት ፈቃድ የሚጻፍ ልቦለድ ከወንጀል ሥነ ጽሑፍ ቅርንጫፎች አንዱ ከሆነ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎታል። አንዳንዱ በስክሪን የታየውን ክፍል መልሶ ይተርካል፤ ሌላው ገጸ ባሕርያቱን ብቻ ተውሶ ታይቶ የማያውቅ ወንጀል ያስመረምራቸዋል። ወደ ሐረር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ አሰላ የሚሄደው መንገደኛ በሚያልፍባት አዳማ፣ እነዚህን የእንግሊዝኛ የኪስ መጻሕፍት የሚፈልግ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኛቸው ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ነው። ሽፋናቸው ላይ የተዋናይ ፎቶግራፍ ስላለ ብቻ ከቁም ነገር ሳይቆጠሩ ይታለፋሉ፤ ይህ ንቀት ግን አይገባቸውም።

ከቀደምቶቹ አንዱ «ድራግኔት» ነው። ጃክ ዌብ የፈጠረውና በመሪ ተዋናይነት የተጫወተበት ይህ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1949 በሬዲዮ ተጀምሮ በ1951 ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረ ሲሆን፣ ታሪኮቹን የሚወስደው ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ እውነተኛ መዝገቦች ነበር። ስሙን የያዙ ልቦለዶች በዚያው በ1950ዎቹ ታትመዋል፤ ዌብ ራሱም በ1958 ባወጣው መጽሐፍ በቴሌቪዥን ሊቀርቡ ያልቻሉ ከባድ ወንጀሎችን ተርኳል። የቤተሰብ ስክሪን የማይሸከመውን እንዲሸከም የታተመው ገጽ ከመጀመሪያው አንሥቶ ተፈልጓል ማለት ነው። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን እየተቀባበለ ያነበበ የእኛ አገር ሰው ይህን ፍላጎት በሚገባ ያውቀዋል፤ የወንጀል ወሬ መነሻና መድረሻ ያለው ታሪክ ሆኖ ሲጻፍ ምን ያህል አንባቢን ይዞ እንደሚያስቀር አይቷልና።

የእነዚህ መጻሕፍት ጸሐፊ እጁ የታሰረ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የስቱዲዮው ንብረት ስለሆኑ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት በባለመብቱ ሰዎች ተነብቦ መጽደቅ አለበት፤ ድራማው ገና በመተላለፍ ላይ ከሆነ ደግሞ መርማሪውን መግደል፣ መዳር ወይም ከሥራ ማባረር አይቻልም። የሚሰጠው ጊዜ አጭር፣ ክፍያውም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ሥራው በተሰጠ ዜማ ላይ ግጥም እንደ መግጠም ያለ ነው፤ ጥበቡ የሚለካውም በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ በሚገኘው ነፃነት ነው። ሊ ጎልድበርግና ማክስ አለን ኮሊንስ የዚህን ዘርፍ ጸሐፊዎች ማኅበር በ2006 ያቋቋሙት፣ ማኅበሩም በዓመቱ ሽልማት መስጠት የጀመረው ሙያው ተገቢውን ክብር እንዲያገኝ ነው።

ዋናው ፈተና ተዋናዩን በቃላት መተካት ነው። በመርማሪው ስም የተሰየመው የአሜሪካ ድራማ «ኮሎምቦ» ለዚህ ከሁሉ የከበደው ይመስለኛል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ስለሚያውቅ፣ ደስታው ያለው መርማሪውን በተጫወተው በፒተር ፎልክ አኳኋን ላይ ነው፤ በተጨማደደው ካፖርት፣ በሲጋሩ፣ በሩ ላይ ደርሶ «አንድ ነገር ብቻ» ብሎ በመመለሱ። ዊልያም ሃሪንግተን በ1990ዎቹ የጻፋቸውን 6 የኮሎምቦ ልቦለዶች የሚያነብ ሰው ይህ ሁሉ አኳኋን በወረቀት ላይ ብቻውን እንደማይበቃ ይረዳል። በጭንቀት ሕመም የሚሠቃይ መርማሪ ያለበት «መንክ» የተባለው ድራማ ግን መልካም መፍትሔ አግኝቷል። ለድራማው ክፍሎችን የጻፈው ጎልድበርግ 15 የመንክ ልቦለዶችን ሲያዘጋጅ ታሪኩን ለረዳቱ ለናታሊ አስተረከው። በስክሪን ላይ የምናየው የመርማሪውን ጭንቀት ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ከዚህ ሰው ጋር ውሎ ማምሸት ምን ያህል እንደሚያደክምና እንደሚያሳዝን ከረዳቱ አንደበት እንሰማለን። ከእነዚህ ልቦለዶች የመጀመሪያው በ2006 ተመልሶ የድራማው አንድ ክፍል ሆኗል።

የዴንማርኩን «ዘ ኪሊንግ» በ2012 በእንግሊዝኛ ልቦለድ ያደረገው ዴቪድ ሂውሰን በበኩሉ መጨረሻውን ለወጠው፤ 20 ክፍል አይቶ ገዳዩን የሚያውቅ አንባቢም ድንጋጤ ይገባዋልና። ሊንዳ ላ ፕላንት የእንግሊዙን የፖሊስ ድራማ «ፕራይም ሰስፔክት»ን በ1991 በድራማም በልቦለድም ራሷ ጽፋዋለች። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ «ካስል» በተባለው ድራማ ውስጥ ያለው የፈጠራ ደራሲ «የጻፋቸው» መጻሕፍት በእሱው ስም በገበያ ላይ ውለዋል።

በአማርኛ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ እንደተተረከው ሁሉ፣ መጽሐፍ ወደ ማሰራጫ ይሄድ ነበር እንጂ ከማሰራጫ መጽሐፍ አይወለድም ነበር። የወንጀል ልቦለድ አንባቢ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ የይልማ ሀብተየስ የምርመራ ልቦለዶችና ማሞ ውድነህ የተረጎማቸው የስለላ ታሪኮች ይመሰክራሉ። ተከታታይ ድራማን ሳምንት ቆጥሮ የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት አገር የድራማው ልቦለድ ልማድ አለመሆኑ የሚያስቆጭ ክፍተት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በአዳማ ቢቀመጥ መሠረቱ ዝግጁ ነው። ከተማዋ በጅቡቲ ባቡርና በጭነት መኪናዎች መስመር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኛት የፍጥነት መንገድም እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፍቷል፤ ዕቃም ሰውም ተፈላጊም በአንድ ሌሊት ያልፉባታል። ሕጉ ራሱ የታሪኩን ሰዓት ይቆጥራል፦ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ፖሊስም ምርመራውን ካልጨረሰ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ ይጠይቃል። የፖሊስና የችሎት የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን በገበያውና በየቤቱ አማርኛም ይነገራል፤ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ አስተርጓሚ የማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው። በስክሪን ላይ ይህ ሁሉ በግርጌ ጽሑፍ ያልፋል፤ በልቦለድ ግን ተራኪው መርማሪው በጥያቄው መሀል ቋንቋ የቀየረበትን ምክንያት፣ ተጠርጣሪውም የገባውን ጥያቄ እንዳልገባው ሆኖ በአስተርጓሚ ጊዜ ሲገዛ በልቡ ያሰላውን ሊነግረን ይችላል።