«ኦኬ»፦ ሁለቱም ፊደሏ የተሳሳተው «ትክክል»

«ኦኬ» ለማለት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። የታክሲ ረዳቱ ይላታል። የባንክ ገንዘብ ከፋይዋ ትላታለች። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንኳ ስልክ ሊዘጉ ሲሉ «ኦኬ፣ ቻው ቻው» ይላሉ። በዓለም ላይ እንደሷ በየቋንቋው የገባ ቃል ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ታዲያ ይህች ቃል ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላትም። የተወለደችውም ከጋዜጣ ቀልድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የከተማዋን ጋዜጠኞች አንድ ፋሽን ያዛቸው። አንድን ሐረግ በመጀመሪያ ፊደሎቹ እያሳጠሩ መጻፍ። ማሳጠሩ ብቻ ሲሰለቻቸው ደግሞ ቃሉን ሆን ብለው አበላሽተው ይጽፉና የተበላሸውን ያሳጥሩታል። «ኦል ራይት» ለማለት ሁለቱን ቃላት ሆን ብለው በ«ኦ» እና በ«ደብሊው» ጀምረው «ኦ. ደብሊው.» ይጽፉ ነበር። የዛሬ ወጣቶች በቴሌግራም ቃል እየቆረጡ ሲጻጻፉ «ቋንቋ ጠፋ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ትንሽ ሳይረጋጉ አይቀሩም።

ማርች 23 ቀን 1839 በወጣው «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ጋዜጣ ላይ «ኦ.ኬ.» ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች። አዘጋጁ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ይባላል። ጽሑፉ የደወል መደወልን ጉዳይ ይዞ በተነሣ አንድ የቀልደኞች ማኅበር ጉዞ ላይ የሚያሾፍ አጭር ነገር ነው። አጠገቧ ፍቺዋ ተጽፏል፦ «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል»። ቀልዱ የት ላይ እንዳለ ልብ በሉ። በእንግሊዝኛ «ኦል» የሚጻፈው በ«ኤ» ነው፣ «ኮሬክት» ደግሞ በ«ሲ»። እነሱ ግን በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጀመሯቸው። «ሁሉም ትክክል» የምትለው ቃል አንዷም ፊደል ትክክል አይደለችም።

በዚያ ዘመን ከነበሩት ሌሎች አህጽሮቶች አብዛኞቹ ወዲያው ሞቱ። ኦኬን ያተረፋት ፖለቲካ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ጊዜ ሊመረጥ ተወዳደረ። የተወለደው ኒው ዮርክ ውስጥ ኪንደርሁክ በምትባል ከተማ ስለሆነ ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሉት ጀመር፣ «የኪንደርሁኩ ሽማግሌ» እንደማለት። የዚህም ምህጻረ ቃል ኦ.ኬ. ሆነ! ደጋፊዎቹ «የኦ.ኬ. ክለብ» አቋቋሙ። ተቃዋሚዎቹም ዝም አላሉም። «ከእሱ በፊት የነበረው አንድሩ ጃክሰን ፊደል በቅጡ ስለማያውቅ ሰነድ ሲያጸድቅ ኦ.ኬ. ብሎ ይፈርም ነበር» የሚል ወሬ ነዙ። ወሬው ፈጠራ ነው። ግን ለረጅም ዓመታት ሰው እንደ እውነት አምኖት ኖረ። ቫን ቢዩረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸነፈ። ቃሏ ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ አገር አወቃት።

ይህን ሁሉ ፈልፍሎ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ምሁር ነው። የድሮ ጋዜጦችን አገላብጦ በ1963 እና በ1964 ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። ከዚያ በፊት መነሻዋን ያልገመተ አልነበረም። ቾክታው ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው የሚል ነበር። ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ይህን ስላመነ ቃሏን በዚያው ቋንቋ አጻጻፍ ይጽፋት ነበር። ግሪኮች «ኦላ ካላ»፣ ማለትም «ሁሉም መልካም»፣ የሚለው የእኛ ነው ይላሉ። በባርነት ከተወሰዱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ጋር ተሻግሮ የሄደው የወሎፎች «ዋው ኬይ» ነው የሚሉም አሉ። የዛሬዎቹ መዝገበ ቃላት በአብዛኛው የሪድን መልስ ነው የያዙት። እኔም እዚያው ነኝ። በድምፅ መመሳሰል ብቻ መነሻ መፈለግ ከተጀመረ ማንም ቋንቋ የድርሻውን አያጣም።

አሁን ወደ ትርጉሟ። እዚህ ላይ ነው አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከለው። እኛ ኦኬን የተቀበልናት በ«እሺ» ቦታ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን እሺ ከብዙ ሥራዎቿ አንዱ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ኦኬ ማድነቂያ አይደለችም። ፈረንጅ ጋብዛችሁ «ምግቡ እንዴት ነበር?» ስትሉት «ኦኬ ነበር» ካለ፣ «ምንም አይልም» ማለቱ ነው። አይከፋም፣ ግን አልደነቀኝም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ብዙ የደከምኩበትን ሥራ አንድ የውጭ አገር ሰው «ኢት ኢዝ ኦኬ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ አመስግኜ ወጥቻለሁ። ምን እንዳለኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ የባሰው የግብዣው ነው። ቡና ወይም ምግብ ስትጨምሩለት «አይም ኦኬ» ቢላችሁ «ይበቃኛል፣ አልፈልግም» ማለቱ ነው። እኛ ጆሮ ላይ ግን «እሺ» ይመስላል። ስለዚህ እንጨምርለታለን። ደግሞ «አይም ኦኬ» ይላል። እንደገና እንጨምርለታለን። (በእርግጥ እኛ ቤት «በቃኝ» ተብሎም መጨመሩ አይቀርም።)

«አር ዩ ኦኬ?»ም እንዲሁ ናት። ቃል በቃል «ደህና ነህ?» ናት። የእኛ «ደህና ነህ?» ግን የዘወትር ሰላምታ ነው። አብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን የሚጠይቀው የወደቀ፣ ያለቀሰ ወይም ፊቱ የጠቆረ ሰው ሲያይ ነው። ጠዋት ቢሮ ገብታችሁ ባልደረባችሁን «አር ዩ ኦኬ?» ብትሉት ፊቱን ሊዳስስ ይችላል።

በሰዋስው በኩል ቃሏ የማትገባበት የለም። ቅጽል ትሆናለች፣ ስም ትሆናለች፣ ግስም ሆና በኀላፊ ጊዜ ትረባለች። አማርኛ ግን ብቻዋን አላራባትም። «አለ» ወይም «ነው» ይዞ ነው የሚያስገባት፦ «ኦኬ ብሎኛል»፣ «ኦኬ ነው»።

እኛ ዘንድ ግን እሺን አላባረረቻትም። እሺ ብዙ ሥራ አላት። «እሺ፣ ከዚያስ?» ወሬ ማስቀጠያ ነው። «ቶሎ ና፣ እሺ?» አደራ ነው። «እሺ! እናያለን» ዛቻ ነው። የቢሮዋ «እሺ ነገ» ደግሞ በእሺታ ልብስ የመጣ እምቢታ ናት፤ የተመላለሰባት ያውቃታል። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ያልነው ለእሺ ነው። ልጅን «እሺ በል» እንለዋለን እንጂ «ኦኬ በል» አንለውም። «እሺ አባባ» ያለ ልጅ ጨዋ ነው፣ «ኦኬ አባባ» ያለው ትንሽ ይታያል። ኦኬ የእኩያ ቃል ናት። መታዘዝ የለባትም።

በጽሑፍ መልእክት ደግሞ ሌላ ጠባይ አወጣች። በእንግሊዝኛ «ኬ» የምትለውን አንዲት ፊደል ብቻ የላከ ሰው ተቆጥቷል ወይም ወሬውን መዝጋት ፈልጓል ተብሎ ይታሰባል። በ2019 ክሎዊ ስዋርብሪክ የተባለች ወጣት የኒውዚላንድ የምክር ቤት አባል ንግግሯን ላቋረጣት ሰው «ኦኬ ቡመር» ብላ ዓለም አወራላት። «እሺ ሽማግሌው፣ ሰምተናል» ዓይነት ነው።

አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ክብ የሚሠሩበት የእጅ ምልክትም አለ። ለጠላቂ ዋናተኞች «ደህና ነኝ» ማለት ነው። አውራ ጣት ማንሣት እነሱ ዘንድ «ወደ ላይ እንውጣ» ስለሆነ ይህኛው ግድ አስፈለገ። ብራዚል ውስጥ ግን ምልክቱ ስድብ ስለሆነ እጅን ቆጠብ ነው።

ኮምፒውተር ላይ የገባችበት መንገድ ደስ ይላል። አፕል «ሊሳ» የተባለውን ኮምፒውተር ሲያዘጋጅ ማረጋገጫው ቁልፍ ላይ «ዱ ኢት» የሚል ነበር፣ «አድርገው» ማለት። በሙከራ ላይ ግን ተጠቃሚዎች በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችውን ክፍተት ሳያስተውሉ፣ ትልቁ «አይ» ፊደልም ትንሹን «ኤል» ስለሚመስል፣ «ዶልት» ብለው አነበቡት። ዶልት ማለት ደደብ ነው። ማሽኑ ሰደበን ብለው ተቀየሙ። በቦታው ኦኬ ገባች።

ስልካችሁን ወደ አማርኛ ብትቀይሩት ያች ቁልፍ «እሺ» ትሆናለች፣ ጎረቤቷ «ይቅር»። ከዚያ አንድ ቀን «ስህተት ተፈጥሯል» ይላችኋል። ከሥሩ ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፦ «እሺ»።