የፌኒቶይን የደም ምርመራ

ፌኒቶይን ለሚጥል በሽታ ከሚታዘዙ የቆዩ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሃይንሪሽ ቢልትዝ በ1908 እ.ኤ.አ. ሠራው። የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ የታወቀው ግን ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ ሂውስተን ሜሪትና ትሬሲ ፑትናም በ1938 አሜሪካ ውስጥ አሳዩት። ዋጋው ርካሽ ነው፣ በደንብም ይሠራል። ችግሩ የሚያድነው መጠንና የሚጎዳው መጠን በጣም መቀራረባቸው ነው። የደም ምርመራው ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ለአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በአንድ ሊትር ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው። ከ20 ሲያልፍ ዓይን ያለ ፈቃድ ወዲያ ወዲህ ይላል። 30 አካባቢ እግር ይንገዳገዳል፣ ንግግርም ይጎተታል። ከ40 በላይ ድብታና መደናገር ይመጣል። መንገድ ላይ ያየው ሰው "ጠጥቶ ነው" ይላል፤ ያሳዝናል። መድኃኒቱ በዝቶበት እንደሆነ የሚያሳየው ደሙ ነው።

ፌኒቶይንን የሚያፈርሰው ጉበት ነው፤ አቅሙ ግን ወሰን አለው። ከታች በጠባብ ቀዳዳ የሚፈስ በርሜል አስቡ። ከላይ የሚገባው ውሃ ቀዳዳው ከሚያወጣው ትንሽ እንኳ ከበለጠ በርሜሉ ይሞላል። በቀን 300 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው ወደ 400 ቢያድግ፣ በደሙ ያለው መጠን በሲሶ ብቻ ላይጨምር ይችላል፤ እጥፍ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም የሚጨምረው በትንሽ በትንሹ ነው።

ደሙ የሚቀዳበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ለመደበኛ ክትትል ከሆነ ጠዋት ክኒኑ ከመዋጡ በፊት ይቀዳል። መጠኑ ከተቀየረ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ መጠበቅ ይገባል። በሽተኛው የመመረዝ ምልክት ካሳየ ግን ወዲያው ይለካል።

ቁጥሩ ራሱ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። በደም ውስጥ ካለው ፌኒቶይን 90 በመቶ ያህሉ አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። የሚሠራው ያልተጣበቀው ነው። በምግብ እጥረት፣ በኩላሊት ወይም በጉበት ሕመም፣ በእርግዝናም አልቡሚን ሲቀንስ፣ ጠቅላላው ውጤት 8 ሆኖ ሳለ የሚሠራው ክፍል በቂ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ብቻ አይቶ መጠን መጨመር በሽተኛውን ይጎዳል።

በ1968 በአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ከተማ ብዙ ሰዎች በዚህ መድኃኒት ታመሙ። የታዘዘላቸው መጠን አልተቀየረም ነበር። የተቀየረው የካፕሱሉ መሙያ ነው፤ ካልሲየም ሰልፌት ቀርቶ ላክቶስ ገባ። በዚህ የተነሳ ወደ ደም የሚገባው ፌኒቶይን ጨመረ። የክኒን ዓይነት ሲቀየር ደምን እንደገና መለካት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲገኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ክኒኑ በየቀኑ መወሰዱ ነው። በእኛ አገር ገንዘብ ያጥራል፣ ፋርማሲው "አልቋል" ይላል፣ ጠበል የገባም መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል። ጥያቄው ያለ ቁጣ ይጠየቅ፤ የተቆጡት ሰው እውነቱን ይደብቃል። ጠበሉንም ክኒኑንም ጎን ለጎን መያዝ ይቻላል። በድንገት ማቆም ግን ከባድና ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም አሉ። ሪፋምፒሲን ፌኒቶይንን ያሳንሳል፣ አይሶናያዚድ ደግሞ ያበዛዋል። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ የማን እንደሚያይል ከሰው ሰው ይለያያል። ለእነዚህ ሰዎች የነቀርሳው ሕክምና ሲጀመርም ሲያልቅም ደማቸው ይለካል።