ተጫዋቼ ዋጋው ጨምሮ ለምን ሙሉውን አላገኝም?

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ አብረን ኳስ የምናይ ልጆች የፋንታሲ ሊግ አለን፤ በእውነተኛ ተጫዋቾች ስም፣ በምናብ ገንዘብ ቡድን የምንሠራበት የስልክ ጨዋታ ነው። ሰሞኑን አንዱ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። በ7.5 ሚሊዮን የገዛው አጥቂ 7.8 ገብቷል። ሊሸጠው ሲል ግን የሚሰጡት 7.6 ነው። «ተበላሁ እኮ!» አለ። አልተበላም፣ ደንቡ ነው።

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ሁሉም ሰው በ100 ሚሊዮን 15 ተጫዋች ገዝቶ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚገዛው ተጫዋች ዋጋው ይጨምራል፣ ብዙ ሰው የሚሸጠው ይቀንሳል። ስትሸጥ ታዲያ ከጭማሪው የሚደርስህ ግማሹ ብቻ ነው። እሱም ወደ ታች ይጠጋጋል። የልጁን እንየው፦ ጭማሪው 0.3፣ ግማሹ 0.15፣ ወደ ታች ሲጠጋጋ 0.1። በ7.5 ላይ ሲደመር 7.6 ይሆናል። የጨመረው 0.1 ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አያገኝም ነበር።

ኪሳራ ላይ ግን ግማሽ የሚባል ነገር የለም። 7.3 ከወረደ በ7.3 ትሸጣለህ።

በጣም የሚጎዳው ሸጦ መልሶ መግዛት ነው። ልጁ ያሰበው አጥቂውን ለአንድ ሳምንት ብቻ ሊያወጣው ነበር። በ7.6 ሸጦ በ7.8 ሊገዛ ማለት ነው! 0.2 ትንሽ ትመስላለች። ውድድሩ ግን 38 ሳምንት ነው፤ የምትፈልገውን ተከላካይ ለመግዛት 0.1 ስታጥርህ ታንገበግባለች። ዋይልድካርድም (ያለ ቅጣት የፈለግከውን ያህል ተጫዋች የምትቀይርበት ዕድል) ሸጠህ በሌላ ሳምንት መልሰህ ከገዛህ ከዚህ አያድንህም። ፍሪ ሂት (ቡድንህን ለአንድ ሳምንት ብቻ የምትቀይርበት ዕድል) ከሆነ ግን ቡድንህ በሚቀጥለው ሳምንት እንደነበረ ይመለሳል፣ የገዛህበት ዋጋም አይነካም። ለልጁም የነገርኩት ይህንኑ ነው።