እንጀራ፦ የቃሉ ትርጉሞችና አመጣጥ

እንጀራ በአማርኛ አንድም የሚበላ፣ አንድም የሚኖሩበት ነገር ነው። የሚበላው በምጣድ የሚጋገረው፣ ዓይናማውና ኮምጠጥ የሚለው ክብ ምግብ ነው። የሚኖሩበት ደግሞ ሥራ፣ ደመወዝ፣ ሱቅ፣ ታክሲ፣ እርሻ፣ በጠቅላላው ሰው ጉሮሮውን የሚደፍንበት ማንኛውም መንገድ ነው። ሌሊቱን በብርድ ቆሞ የሚያድረው ዘበኛ «ምን ላድርግ፣ እንጀራ ነው» ሲል ስለ መሶብ እያወራ አይደለም። የውጭ አገር ጽሑፎች ቃሉን «ከጤፍ የሚሠራ ስስ ቂጣ» ብለው ሲፈቱት ግማሹን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ፤ እንዲያውም ትንሹን ግማሽ።

ሁለተኛው ትርጉም ከምግቡ ምን ያህል እንደተላቀቀ ለማየት ከጉራጌ ወደ አዲስ አበባ የመጣውን ነጋዴ ማሰብ ይበቃል። አገሩ ቆጮ በልቶ ነው ያደገው፤ የእናቱ ቤት መሠረቱ እንሰት ነው። አማርኛ ግን ስለ እሱ «እንጀራ ፍለጋ ከተማ ገባ» ይላል፤ ቆጮ ፍለጋ አይልም። ዓረብ አገር ለሥራ የሄደችው ልጅም እንደዚሁ ናት፤ ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ቤት እያበሰለች «እንጀራ ፍለጋ የወጣች» ናት።

ከዚህ ትርጉም ብዙ አነጋገር ተወልዷል። ሥራ ያገኘ ሰው እንጀራ ወጣለት ይባላል፤ ከሥራው የተባረረ የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ። ሰውን በሐሰት ከሶ ከሥራ ያስወጣ «እንጀራውን ዘጋበት» ይባላል፤ ይህ በአማርኛ ከስድብ የከበደ ወቀሳ ነው፣ ቤተሰብን ከነልጆቹ ማስራብ ማለት ነውና። «እንጀራዬን የበላ» የተባለ ሰው ቤት የገባ፣ የታመነ ሰው ነው፤ ሲከዳ ክህደቱ እጥፍ ይሆናል። በመዝሙረ ዳዊት «እንጀራዬን የበላ ተረከዙን በእኔ ላይ አነሣ» የሚለው ቃል አማርኛ አንባቢን ያለ ማብራሪያ የሚነካው ለዚህ ነው።

በዝምድና ስምም እንጀራ ቦታ አለው። አባት ሌላ ሚስት ሲያገባ ለቀደሙት ልጆች እንጀራ እናት ትሆናለች፤ የእናት አዲስ ባል እንጀራ አባት፣ የሚያሳድጉት የእንጀራ ልጅ። አመዳደቡ ግልጽ ነው፦ ሥጋ የሚወልደው ዝምድና አለ፣ ጡት የሚያመጣው ዝምድና አለ (የጡት አባት፣ የጡት ልጅ)፣ ከአንድ መሶብ መብላት የሚያመጣውም አለ። ስያሜው ክፉ አልነበረም፤ «ያበላችኝ እናት» ከማለት አይርቅም። ተረትና ወሬ ግን ስሙን አጠቆሩት። ዛሬ በጀት የቀረበት መሥሪያ ቤት ወይም መንገድ ያልደረሰው ወረዳ «የእንጀራ ልጅ ሆነናል» ብሎ ያማርራል፤ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ቃል ተናገረ ማለት ነው። ፊት ለፊት ግን ማንም «እንጀራ እናቴ» ብሎ አይጠራም፤ እትዬ፣ እማዬ፣ ወይም በስሟ ነው። ቃሉ ለሦስተኛ ሰው የሚነገር ነው።

ቃሉ ከየት መጣ? በግዕዝ መጻሕፍት ዛሬ እንጀራ የምንልበትን ቦታ የያዘው ኅብስት ነው። ኅብስት ጋገረ ከሚለው የግዕዝ ግስ፣ ከኀበዘ የወጣ ሲሆን ዓረብኛው ኹብዝ የቅርብ ዘመዱ ነው። እንጀራ ግን ከዚህ ቤት አይደለም። ዘመድ መፈለግ ያለበት ወደ ምሥራቅ ነው፦ ሶማልኛ ለራሱ ስስ፣ ዓይናማና እርሾ ያለበት ምግብ ዓንጀሮ ይላል። የሶማሌው መጠኑ አነስ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ጠዋት በሻይ፣ በቅቤና በስኳር ይበላል። ያው ምግብ በሰሜኑ ሶማሌ ላሖሕ ይባላል፤ ባሕሩን ሲሻገሩ የመንም ላሑሕ ይላል። ትግርኛ ጣይታ የሚል የራሱ ቃል አለው፤ እንጀራንም አብሮ ይጠቀማል። ኦሮምኛ ቢዴና ወይም ቡዴና ይላል፤ ሱዳን ከማሽላ የሚጋገረውን ስስ ኪስራ ይለዋል። ምግቡ በአካባቢው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው፤ ስሙ ግን የየቤቱ ነው። ስለዚህ «እንጀራ» የሚለውን ቃል በግድ ከግዕዝ ለማውጣት የሚደረገው ሙከራ አያሳምነኝም። አማርኛ የግዕዝ ብቻ ልጅ አይደለም፤ ጓዳው በተለይ እንደ ሶማልኛና ኦሮምኛ ካሉ የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ሲዋዋስ የኖረ ነው።

ኅብስት ወደ ቤተ መቅደስ፣ እንጀራ ወደ ማዕድ ቤት ተለያይተው ኖሩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቁርባኑ ኅብስት ከስንዴ ነው፤ የሚዘጋጅበትም ቤት ቤተ ልሔም ይባላል፣ በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። (ይኸው ልሔም በዓረብኛ ላሕም ሆኖ ሥጋ ማለት ነው። ዋናው ምግብ ምንም ይሁን ምን፣ ቃሉ ወደ እሱ ይሳባል። ግብፆችም ዳቦን ዓይሽ፣ ሕይወት፣ ይሉታል።) በግዕዝ አቡነ ዘበሰማያት ውስጥ የምንለምነው ኅብስትን እንኳ አይደለም፤ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ነው የሚለው። ሲሳይ ምግብም መተዳደሪያም ነው። አማርኛው «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ሲል ሲሳይ የሚለውን ስፋት በሙሉ የተሸከመለት እንጀራ ነው፤ ሌላ ቃል ይህን አይችልም ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ ሲመለስም ተርጓሚዎቹ ይህንኑ መንገድ ያዙ። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ ትርጉም የሠራው ጎጃሜው አቡ ሩሚ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ ሠራው፣ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1954 ዓ.ም. የወጣው ትርጉም ደግሞ «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» ብሎ የአማርኛ ተናጋሪዎችን ጆሮ ሞላ። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ብላቴናው የያዘው «አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ» ነው። የገሊላ ሰው ምጣድ አልጣደም፣ አብሲት አልጣለም፤ በእጁ የነበረው የገብስ ዳቦ ነው። ነገር ግን ዳቦ ቢሉት ድግስና የበዓል ምግብ ይመስል ነበር፤ ቂጣ ቢሉት እርሾ የሌለበት ይሆናል፣ ቂጣ ደግሞ ለፋሲካው «የቂጣ በዓል» ተይዟል። እንጀራ ያሉት ትክክል ይመስለኛል።

ምግቡን ከጻፉ የውጭ ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ገበታው ላይ በሳህን ፋንታ ክብ ነገር ይነጠፋል፣ ጣዕሙ ኮምጠጥ ይላል ግን አይጠላም፣ ለሆድም ቀላል ነው፣ የሚሠራውም ጤፍ ከሚባል እህል ነው ይላል። አንድ ነገር አሳስቶታል፤ እርሾ የለበትም ብሏል፣ ራሱ የመሰከረው ኮምጣጣነት ግን ያፈርሰዋል። ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ምልከታው ነው፦ ከላይ የሚነጠፈው ጥሩው ለተጋባዡ ነው፣ ከሥሩ የሚደረደረው ጠቆር ያለው ጌታው ጣቱን የሚጠርግበት ነው፣ ያው የተጠረገበት ደግሞ በኋላ ለአሽከሩ እራት ይሆናል። ነጭና ጥቁር እንጀራ የማዕረግ ልዩነት የሆነው ከዘመናችን አይደለም። ዛሬም ማኛ የሚባለው ነጩ ጤፍ ከሁሉ ይወደዳል፣ ሰርገኛው ቀይና ነጭ የተቀላቀለበት ነው፣ ቀዩ የድሃ ነበረ። አሁን ለጤና ተብሎ ቀዩ በሀብታም ቤት እየተፈለገ ነው፤ የብሩስ ጌታ ቢያይ ምን ይል ይሆን።

እንጀራ ሁሉ ግን የጤፍ አይደለም። ደጋው የገብስ፣ ቆላው የማሽላ፣ ጎጃም የዳጉሳ ይጋግራል፤ ከተማው ጤፉ ሲወደድ ሩዝና በቆሎ ይቀላቅላል። እንጀራ የሚያሰኘው እህሉ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ዱቄቱ በውኃ ይቦካል፤ ካለፈው ቡኮ የተረፈ እርሾ ይጨመርበታል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ላዩ ላይ ቢጫ ውኃ ሲያቀር ይደፋል። ከዚያ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ ይበስላል፤ ይህ አብሲት ነው፣ ቀዝቀዝ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። አብሲት ያልገባበት ሊጥ ዓይኑ አያምርም ይላሉ ጋጋሪዎች። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይሞቃል፣ በጎመን ዘር ይታሰሳል፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እየተዞረ ይፈሳል። አረፋው እየፈነዳ ዓይን ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት ነው አክምባሎው የሚከደነው፣ ቀድሞ ከተከደነ ዓይኑ ይጠፋል። ዳሩ ተነስቶ ሲገለበጥ በሰፌድ ይወጣል፤ የታችኛው ፊቱ ለስላሳና ድፍን ነው፣ የላይኛው ዓይናም። ምጣዱ ቀድሞ የሸክላና የማገዶ ነበር፤ ዛሬ በከተማ ኤሌክትሪክ ነው፣ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚጎትት፣ መብራት ሲጠፋ ግማሽ ቡኮ አስታቅፎ የሚያስቀር።

ከዚህ ሥራ የመጣው አነጋገር ከምግብ ቤት ውጭም ይሠራል። የመጀመሪያው እንጀራ ምጣዱን ማሟሻ ነው፣ አያምርም፤ ለአዲስ ነገር መሞከሪያ የተደረገ ሰው «የምጣድ ማሟሻ አደረጉኝ» ይላል። በሸክላው ላይ የወጣችውን አይጥ መምታት ምጣዱን መስበር ስለሆነ «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይባላል፤ ፖለቲከኞች የሚወዱት ተረት ነው። ምግቡን ከአስተናጋጁ ፊት ጋር የሚያወዳድረው ደግሞ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ነው። ፍትፍትና ፍርፍር አይምታቱ፦ ፍትፍት እንጀራው በወጡ ተፈትፍቶ የሚቀርብ ነው፣ ፍርፍር እሳት ላይ ከቁሌት ጋር ተፈርፍሮ የሚበስል። ለልጅ የምትጋገረው ትንሿ እንጎቻ ናት፤ በቅቤና በበርበሬ የተለወሰው ቃተኛ ነው፤ ደርቆ የሚቀመጠው ድርቆሽ የመንገደኛ ስንቅ ነው፣ ዛሬም ውጭ አገር ላለ ልጅ በሻንጣ ይላካል።

በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የተቀላቀለ እንጀራ ነው፤ በአሜሪካ ምግብ ቤቶች ጤፍ ከስንዴና ከገብስ ዱቄት ጋር ይገባል፤ በእስራኤልም ቤተ እስራኤል ምግቡንም ስሙንም ይዘው ገብተዋል። አይዳሆ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይመረታል። አገር ቤት ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለክል የተጋገረው እንጀራ ክልከላው ውስጥ አልገባም፤ በዚህ ቀዳዳ እንጀራ በአውሮፕላን እየተጫነ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሚሄድ ሸቀጥ ሆነ። በሌሎች ቋንቋዎች የገባው ቃል ምግቡን ብቻ የሚጠራ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ እንጀራ የሚያዝዝ አሜሪካዊ አጠገቡ ያለው ሾፌር «እንጀራዬ ነው» ሲል ስለ ታክሲው እያወራ መሆኑን አይገምትም።